ካርቦክሲሊክ አሲዶችና ሳይሌጅ፡- ኮምጣጣ መኖ ለምን ሳይበላሽ ይቆያል?

መግቢያ

በአብዛኛው የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ክፍል ከክረምቱ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ድረስ ለምለም ሣር እንደ ልብ ይገኛል። ከጥር ወዲያ ግን ግጦሹ ይደርቃል፤ ላሚቱ የምትበላው በአብዛኛው ገለባ ይሆናል፤ ወተቷም እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን የመኖ ክፍተት ለመሙላት ከሚያስችሉት ዘዴዎች አንዱ እርጥብ መኖን አየር በማይገባው ጉድጓድ ወይም ላስቲክ ውስጥ አኮምጥጦ ማቆየት፣ ማለትም ሳይሌጅ ማዘጋጀት ነው።

ሳይሌጅ በሚገባ ሲሠራ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። ሲበላሽ ግን የሚጠፋው የአንድ ቀን ድካም ብቻ ሳይሆን የበጋው ቀለብ በሙሉ ነው። አንድ ጊዜ የከረፋ ጉድጓድ የከፈተ ገበሬ ሁለተኛ እንዲሞክር ማሳመን ደግሞ አስቸጋሪ ነው። የብልሽቱ ምክንያት ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ ‹‹አየር ገባበት›› ወይም ‹‹ውሃ በዛበት›› ይባላል። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አየሩና ውሃው በመኖው ላይ ምን እንዳደረጉ አይገልጽም። መልሱ የሚገኘው ካርቦክሲሊክ አሲድ በሚባሉት ንጥረ ነገሮች ጠባይ ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለግብርና ትምህርት ቤት ተማሪዎችና ለወተት ከብት አርቢዎች ነው። በመጀመሪያ የአሲዶቹን አወቃቀርና ስያሜ፣ ቀጥሎ አሲድነታቸውን፣ በመጨረሻም ይህ እውቀት በጉድጓዱ ሥራ ላይ እንዴት እንደሚውል እንመለከታለን።

1. አሲዶቹን በቤታችን እናውቃቸዋለን

ካርቦክሲሊክ አሲድ የሚለው ስም እንግዳ ቢመስልም ነገሩ እንግዳ አይደለም። እርጎን የሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ ነው። በእንጀራ ሊጥ ውስጥም እርሾው ሥራውን ሲሠራ ይኸው አሲድ ከሌሎች ጋር ይፈጠራል። ለሰላጣ የምንጠቀምበት አቼቶ ወይም ሆምጣጤ ከመቶ 4 እስከ 5 እጅ የሚሆን አሴቲክ አሲድ የያዘ ውሃ ነው። ብዙ የቆየ ቅቤ የሚያወጣው ኃይለኛ ሽታ በከፊል ከቡቲሪክ አሲድ የሚመጣ ነው።

በጉራጌ፣ በሲዳማና በሌሎችም እንሰት አብቃይ አካባቢዎች የተፋቀው እንሰት በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ ተሸፍኖና ድንጋይ ተጭኖበት ቆጮ እስኪሆን ይቆያል። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ የሚካሄደው ሥራ ከሳይሌጅ ሥራ ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። ስለዚህ ሳይሌጅ ከውጭ የመጣ ቃል ቢሆንም ጥበቡ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም፤ ሳይሌጅ የከብት ቆጮ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

2. አወቃቀራቸው

የእነዚህ አሲዶች ሁሉ የጋራ ምልክት ካርቦክሲል የሚባለው የአቶሞች ስብስብ ነው። በመካከሉ አንድ የካርቦን አቶም አለ። ካርቦን አራት እጅ እንዳለው አድርገን ብናስብ፣ በሁለቱ እጆቹ አንድ የኦክስጅን አቶም ይይዛል፤ ይህ ድርብ ትስስር ይባላል። በሦስተኛው እጁ ሌላ የኦክስጅን አቶም ይይዛል፤ ይህ ሁለተኛው ኦክስጅን በበኩሉ አንድ የሃይድሮጅን አቶም ይዟል። አራተኛው የካርቦን እጅ ከቀሪው የሞለኪውል ክፍል ጋር ይያያዛል።

አንዱ አሲድ ከሌላው የሚለየው በዚህ በአራተኛው እጅ በተያዘው ነገር ነው። የተያዘው አንድ ሃይድሮጅን ብቻ ከሆነ ፎርሚክ አሲድ ይሆናል። ሦስት ሃይድሮጅን ያለው አንድ ካርቦን ከሆነ አሴቲክ አሲድ ነው። ሰንሰለቱ በአንድ ካርቦን ሲረዝም ፕሮፒዮኒክ፣ በሌላ አንድ ሲረዝም ቡቲሪክ አሲድ ይገኛል። ላክቲክ አሲድ እንደ ፕሮፒዮኒክ ሦስት ካርቦን ሲኖረው፣ ከካርቦክሲሉ ቀጥሎ ባለው ካርቦን ላይ ግን ሃይድሮክሲል የሚባል አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን ተጨምሮበታል። ይህች ትንሽ ጭማሪ ትልቅ ለውጥ እንደምታመጣ ወደ ታች እናያለን።

የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የሌላውን ኦክስጅን ስለሚስብ የአሲዶቹ ሞለኪውሎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይያያዛሉ። በዚህም ምክንያት በቀላሉ አይተንኑም። የአልኮል (የኤታኖል) የፍላት መጠን 78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን የአሴቲክ አሲድ ግን 118 ዲግሪ ነው። እስከ አራት ካርቦን ያላቸው አሲዶች ከውሃ ጋር በማንኛውም መጠን ይቀላቀላሉ። ሰንሰለቱ እየረዘመ ሲሄድ ግን ጠባያቸው ወደ ስብ ያደላል፤ በሞራና በቅቤ ውስጥ የሚገኙት ባለ 16ና ባለ 18 ካርቦን አሲዶች ከውሃ ጋር አይዋሃዱም።

3. ስያሜአቸው

እያንዳንዱ አሲድ ሁለት ስም አለው። አንደኛው መጀመሪያ ከተገኘበት ነገር የተወሰደው የቆየ ስም ነው። ፎርሚክ የሚለው ጉንዳን ማለት ከሆነው ፎርሚካ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ጆን ሬይ እ.ኤ.አ. በ1671 ስለዚህ ከጉንዳን ተነጥሮ ስለሚወጣ አሲድ ጽፎ ነበር። ላክቲክ ወተት ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ኬሚስቱ ካርል ሼለ እ.ኤ.አ. በ1780 ከኮመጠጠ ወተት ለይቶ አውጥቶታል። አሴቲክ የሚለው ሆምጣጤ፣ ቡቲሪክ የሚለው ደግሞ ቅቤ ከሚሉት የላቲን ቃላት የተወሰዱ ናቸው። ባለ 6፣ ባለ 8ና ባለ 10 ካርቦን የሆኑት ካፕሮይክ፣ ካፕሪሊክና ካፕሪክ የተሰየሙት በፍየል ነው፤ በፍየል ወተት ስብ ውስጥ በብዛት ስለሚገኙ ሽታቸው ለአርቢው አዲስ አይሆንም።

ሁለተኛው ስም በዓለም አቀፍ ደንብ የተወሰነ ነው። ደንቡም የሚከተለው ነው፡-

(ሀ) ካርቦክሲሉን ጨምሮ ረጅሙ የካርቦን ሰንሰለት ይቆጠራል።
(ለ) ቁጥር 1 ሁልጊዜ ለካርቦክሲሉ ካርቦን ይሰጣል።
(ሐ) በካርቦኑ ብዛት የሚጠራው ስም በመጨረሻው ላይ ‹‹ኦይክ አሲድ›› ይጨመርበታል።
(መ) በሰንሰለቱ ላይ የተጨመረ ነገር ካለ የተጨመረበት ካርቦን ቁጥር ከፊት ይጻፋል።

በዚህ መሠረት፡-

ባለ 1 ካርቦን ፎርሚክ = ሜታኖይክ አሲድ
ባለ 2 ካርቦን አሴቲክ = ኤታኖይክ አሲድ
ባለ 3 ካርቦን ፕሮፒዮኒክ = ፕሮፓኖይክ አሲድ
ባለ 4 ካርቦን ቡቲሪክ = ቡታኖይክ አሲድ
ላክቲክ = 2-ሃይድሮክሲፕሮፓኖይክ አሲድ

ደንቡ ለትምህርት ቤት ፈተና ብቻ የሚያገለግል አይደለም። በተበላሸ ሳይሌጅ ውስጥ አይሶቡቲሪክ የሚባል አሲድ ይገኛል። እሱም እንደ ቡቲሪክ አራት ካርቦን አለው፤ ነገር ግን ሰንሰለቱ ቅርንጫፍ ስላለው በደንቡ 2-ሜቲልፕሮፓኖይክ አሲድ ይባላል። የሚመጣው ከስኳር ሳይሆን ከፕሮቲን መፍረስ ነው። ስሙን በትክክል የሚያነብ የላቦራቶሪ ውጤት ሲደርሰው የመኖው ፕሮቲን እንደባከነ ይረዳል።

4. አሲድነታቸው

አሲድ ማለት በውሃ ውስጥ የሃይድሮጅን አዮን የሚለቅ ነገር ነው። አልኮልም በኦክስጅን ላይ የተያዘ ሃይድሮጅን አለው፤ ሆኖም አይኮመጥጥም። ልዩነቱ ሃይድሮጅኑ ከሄደ በኋላ በሚቀረው የኤሌክትሪክ ሙል ላይ ነው። በአልኮል ላይ ይህ ሙል በአንድ ኦክስጅን ላይ ብቻ ይከማቻል። በካርቦክሲል ላይ ግን ሁለቱ ኦክስጅኖች እኩል ይካፈሉታል። ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› እንደሚባለው ሸክሙ ስለሚቀል ሃይድሮጅኑ ለመለቀቅ አይቸገርም።

ይሁን እንጂ ካርቦክሲሊክ አሲዶች ደካማ አሲዶች ናቸው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 60 ግራም አሴቲክ አሲድ ቢጨመር፣ ከ1,000 ሞለኪውሎች ሃይድሮጅናቸውን የሚለቁት 4 ያህሉ ብቻ ናቸው። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ይለቃሉ።

የአንድ ፈሳሽ ኮምጣጣነት የሚለካው በፒ ኤች ነው። 7 ገለልተኛ ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነቱ ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት አሥር እጥፍ ነው። የአሲዱ የራሱ ጥንካሬ ደግሞ ፒ ኬ ኤ በሚባል ቁጥር ይገለጻል። ይህም ከአሲዱ ሞለኪውሎች እኩሌታው ሃይድሮጅናቸውን ለቀው የሚገኙበት ፒ ኤች ነው፤ እዚህም ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይጠነክራል። የዋና ዋናዎቹ እንደሚከተለው ነው፡-

ፎርሚክ 3.75
ላክቲክ 3.86
አሴቲክ 4.76
ቡቲሪክ 4.82
ፕሮፒዮኒክ 4.87

ከዚህ እንደምንረዳው በላክቲክ አሲድ ላይ የተጨመረችው ሃይድሮክሲል የኤሌክትሪክ ሙሉን ወደ ራስዋ በመሳብ አሲዱን ከአሴቲክ ይልቅ 8 ጊዜ ያህል አጠንክራዋለች። ሳይሌጅን በፍጥነት የሚያኮመጥጠውም ይኸው ላክቲክ አሲድ ነው።

አሲዶቹ ዐመድን፣ ኖራን ወይም ሶዳን ሲያገኙ ጨው ይሆናሉ፤ ኮምጣጣነታቸውም ይጠፋል። ስለዚህ ዐመድ ወይም አፈር የነካው መኖ ለማኮምጠጥ ያስቸግራል። በእጅ ላይ የቀረ የቡቲሪክ ሽታ በዐመድ ውሃ ሲታጠብ የሚለቀውም አሲዱ ወደማይተን ጨው ስለሚለወጥ ነው።

5. ደካማው አሲድ መኖውን እንዴት ይጠብቃል?

ጥበቃው የሚገኘው ከዚሁ ድክመት ነው። ሃይድሮጅኑን ያልለቀቀ የአሲድ ሞለኪውል የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው በባክቴሪያው ሽፋን ውስጥ አልፎ መግባት ይችላል። የባክቴሪያው ውስጥ ገለልተኛነት የሚቀርበው ስለሆነ አሲዱ እዚያ ሲደርስ ሃይድሮጅኑን ይለቃል። ባክቴሪያው ይህን ሃይድሮጅን አውጥቶ ለመጣል ጉልበቱን ይጨርሳል፤ እድገቱም ይቆማል።

እንግዲህ አሲዱ ዘልቆ የሚገባው አካባቢው በበቂ ሁኔታ ሲኮመጥጥ ብቻ ነው። ፒ ኤች 4 ሲሆን ከአሴቲክ አሲድ ከመቶ 85 እጅ፣ ከላክቲክ ደግሞ ከመቶ 42 እጅ ያህሉ ሃይድሮጅኑን ያልለቀቀ ነው። ፒ ኤች 6 ሲሆን ግን ከአሴቲክ አሲድ ሊገባ የሚችለው ከመቶ 5 እጅ ያህል ብቻ ይሆናል። አሲዱ በጉድጓዱ ውስጥ እያለ መኖውን መጠበቅ ይሳነዋል ማለት ነው። በሥራ ሲከፋፈል ላክቲክ አሲድ ፒ ኤቹን ያወርዳል፤ አሴቲክ አሲድ ደግሞ በተለይ ጉድጓዱ ከተከፈተ በኋላ የሻጋታንና የእርሾን እድገት ይገታል።

የፊንላንዱ ኬሚስት አርቱሪ ቪርታነን በዚሁ መንገድ የሃይድሮክሎሪክና የሰልፈሪክ አሲድ ቅልቅል በመኖ ላይ በመጨመር ፒ ኤቹን ወዲያው ከ4 በታች ማውረድ እንደሚቻል አሳይቷል። በግብርናና በሥነ ምግብ ኬሚስትሪ ሥራው፣ በተለይም በመኖ ማቆያ ዘዴው፣ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ከጊዜ በኋላ ግን በእነዚያ ኃይለኛ አሲዶች ቦታ ፎርሚክ አሲድ ተተካ። ለእኛ ገበሬ አሲድ መግዛት አያስፈልገውም፤ በመኖው ላይ የሚገኙት ባክቴሪያዎች ሁኔታው ከተመቻቸላቸው ራሳቸው ያመርቱታል።

6. በጉድጓዱ ውስጥ የሚካሄደው ሽሚያ

ጉድጓዱ እንደተዘጋ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች በመኖው ስኳር ላይ ይሻማሉ።

የመጀመሪያዎቹ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከእነሱም የተሻሉት አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል ወደ ሁለት የላክቲክ አሲድ ሞለኪውል ይለውጣሉ። በዚህ ለውጥ ምንም ነገር በአየር መልክ አይወጣም፤ ስለዚህ የመኖው ክብደትና ጉልበት ሳይባክን ይቀራል።

ሁለተኛዎቹ ክሎስትሪዲያ የሚባሉት ናቸው። በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራሉ፤ እርጥበትን ይወዳሉ፤ አየር አይሹም። እነሱም ሁለት የላክቲክ አሲድ ሞለኪውሎችን ወስደው አንድ የቡቲሪክ አሲድ ሞለኪውል ያደርጋሉ፤ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሆኖ ይተንናል። በክብደት ሲሰላ ከ180 ኪሎ ላክቲክ አሲድ የሚቀረው 88 ኪሎ ቡቲሪክ አሲድ ብቻ ነው።

ጉዳቱ ድርብ ነው። የአሲዱ ብዛት በግማሽ ይቀንሳል፤ የቀረውም የደከመው አሲድ ነው። በዚህም ላይ ፕሮቲኑ ሲፈርስ የሚወጣው አሞኒያ የቀረውን አሲድ ያረክሰዋል። ፒ ኤቹ ከፍ ሲል ክሎስትሪዲያው ይበልጥ ይመቸዋል፤ ብልሽቱም ብልሽትን እየወለደ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አርቢዎች የሚያነሡት ጥያቄ አለ፡- ይህ ሁሉ አሲድ ከብቱን አይጎዳም ወይ? በልክና ቀስ በቀስ ሲለመድ አይጎዳም። ላሚቱ ራስዋ በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ አሲድ ታመርታለች፤ ከምታገኘው ጉልበት ከመቶ 70 እጅ ያህሉ የሚመጣው ከእነዚሁ ነው። አሴቲክ የወተቱን ስብ ለመሥራት ሲያገለግል፣ ፕሮፒዮኒክ የወተቱ ስኳር ወደሚሠራበት ግሉኮስ ይለወጣል። በሳይሌጅ ውስጥ በብዛት የተገኘ ቡቲሪክ አሲድ የሚያሳስበን የብልሽት ምስክር ስለሆነ ነው፤ በተጨማሪም በቅርቡ የወለደች ላም ብዙ ብትበላው ኬቶሲስ ለሚባለው ሕመም ሊያጋልጣት ይችላል።

7. ሥራው እንዴት ይከናወን?

ከላይ የተገለጸውን ያገናዘበ ገበሬ እያንዳንዱ የሥራ ደረጃ ለምን እንደተባለ ይገባዋል።

(ሀ) አጨዳ፡- በቆሎ ፍሬው ከእሸትነት አልፎ መጠንከር ሲጀምር፣ ዝሆኔ ሣር አንድ ሜትር ያህል ሲሆን ይታጨዳል። ከዚህ ካለፈ ስኳሩ ይቀንሳል፤ ግንዱም ይጠነክራል። ሲታጨድ አፈር እንዳይነካው ጥንቃቄ ይደረግ፤ ክሎስትሪዲያ የሚመጣው ከአፈር ነውና።

(ለ) ማጠውለግ፡- በጣም እርጥብ የሆነ ሣር ለጥቂት ሰዓታት በፀሐይ ይጠውልግ። የተከተፈውን በእጅ ጨብጦ አንድ ደቂቃ ያህል በመጭመቅ መሞከር ይቻላል። ውሃ ከተንጠባጠበ ገና እርጥብ ነው። እጅ ሲከፈት ወዲያው ከተበተነ ደርቋል። ውሃ ሳያወጣ ቀስ እያለ ከተፈታ ተስማሚ ነው።

(ሐ) መክተፍ፡- ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ይከተፍ። ስኳሩ ወጥቶ ባክቴሪያው በቶሎ ያገኘዋል፤ ለመጠቅጠቅም ያመቻል።

(መ) ሞላሰስ፡- በቆሎ የራሱ ስኳር ስላለው አያስፈልገውም። ለሣርና ለጥራጥሬ መኖ ግን በ100 ኪሎ ላይ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሞላሰስ በእኩል ውሃ በጥብጦ መርጨት ይጠቅማል። የጥራጥሬ መኖ አሲድን የሚያረክስ ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ብቻውን አይቀበር፤ ከአጃ ወይም ከበቆሎ ጋር ቢቀላቀል ይሻላል።

(ሠ) መጠቅጠቅ፡- ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው ድርብርብ እየተደረገ በየደረጃው በእግር ይረገጥ። አየር እስካለ ድረስ ሻጋታና ሌሎች ተሕዋስያን ስኳሩን ያቃጥሉታል፤ ላክቲክ አሲድ የሚሠራበትም አይተርፍም። ለምሳሌ በቀን 15 ኪሎ ለምትበላ ላም ለ120 ቀን 1,800 ኪሎ ወይም 18 ኩንታል ያስፈልጋል። አንድ ሜትር ኩብ 600 ኪሎ እንዲይዝ ተደርጎ በሚገባ ከተጠቀጠቀ ባለ 3 ሜትር ኩብ ጉድጓድ ይበቃዋል። ይኸው መኖ 4 ሜትር ተኩል ኩብ ከያዘ ግን ትርፉ ቦታ አየር ነው።

(ረ) መዝጋት፡- ሥራው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠናቀቅ። በላስቲክ ተሸፍኖ አፈር ይጫንበት፤ የዝናብ ውሃ እንዳይገባም ዙሪያውን ቦይ ይቆፈር። ከ45 ቀን በፊት ባይከፈት ይመረጣል።

ማስጠንቀቂያ፡- ጥልቅ ጉድጓድ በሚሞላበትና በሚቀጥሉት ሳምንታት ከአየር የሚከብድ መርዛማ ጋዝ ከታች ሊጠራቀም ይችላል። በተለይ ሕፃናት ወደ ጉድጓዱ እንዳይገቡ፤ አዋቂም ብቻውን አይውረድ።

8. ጉድጓዱ ሲከፈት የሚደረግ ምርመራ

በሽታ፡- ጥሩ ሳይሌጅ እንደ እርጎ ወይም እንደ ቀላል አቼቶ ይሸታል። የከረፋ ቅቤ የሚመስልና ከእጅ የማይለቅ ሽታ ካለው ቡቲሪክ አሲድ በዝቷል።

በመልክ፡- ከቢጫማ አረንጓዴ እስከ ቀለል ያለ ቡናማ ጥሩ ነው። ጥቁር ወይም የሚያሟልጭ ከሆነ ተበላሽቷል።

በፒ ኤች ወረቀት፡- የተጨመቀው ጭማቂ ከ3.7 እስከ 4.2 ካሳየ የበቆሎ ሳይሌጁ በሚገባ ኮምጥጧል። የጠወለገ ሣርና የጥራጥሬ ቅልቅል እስከ 4.8 ቢያሳይም ሊቆይ ይችላል። እርጥብ ሆኖ ከ5 በላይ ካሳየ ብልሽቱ ጀምሯል።

የሻገተው ክፍል ተለይቶ ይጣል። አየር ገብቶት ፒ ኤቹ ከ5.5 በላይ በሆነ ሳይሌጅ ውስጥ ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። ይህም በጎችን አንገት አዙሮ የሚያሽከረክር፣ ያረገዘውን የሚያስጨነግፍ፣ ባልፈላ ወተት በኩልም ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለው መኖ ለበግም ሆነ ላረገዘች ላም አይሰጥ። ጥሩውም ሳይሌጅ ቢሆን ሽታው ወደ ወተቱ እንዳይሄድ ከታለበ በኋላ ቢሰጥ ይመረጣል። በየቀኑ የሚወሰደው ከአንድ ወገን ይሁን፤ ፊቱም ወዲያው ይሸፈን።

ማጠቃለያ

በሳይሌጅ ጉድጓድ ውስጥ መኖውን የሚጠብቀው ላስቲኩ ወይም አፈሩ አይደለም፤ እነሱ አየርን ይከለክላሉ እንጂ ጠባቂው አሲዱ ነው። አሲዱ ጠባቂነቱን የሚፈጽመው ደግሞ በቶሎ ሲፈጠርና ፒ ኤቹን ወደ 4 ሲያወርደው ነው። ስኳር ያለው መኖ፣ ልከኛ እርጥበት፣ ደህና አድርጎ መጠቅጠቅና ፈጥኖ መዝጋት ለላክቲክ አሲድ መንገድ ይከፍታሉ። አፈር፣ ትርፍ ውሃና መዘግየት ለቡቲሪክ ይከፍታሉ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሳይሌጅ በሚያስተምሩበት ጊዜ ይህንን ምክንያት ከአሠራሩ ጋር አያይዘው እንዲያስረዱ እንመክራለን። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ገበሬም ከትልቅ ጉድጓድ ይልቅ በአንድ የላስቲክ ከረጢት ቢጀምር ይመረጣል፤ ቢበላሽ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ቢሳካለት ደግሞ የእርጎውን ሽታ ራሱ አሽትቶ የሚመጣውን ዓመት በልበ ሙሉነት ይሠራል።